ጾምን፣ ጸሎትንና ጥናትን በአንድ ወረቀት ማስማማት፦ ለጅማ ተማሪዎችና ለአዲስ ሠራተኞች

ሴሚስተር በተጋመሰ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣልኛል። አንዱ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ይጠይቃል፣ ሌላዋ ከቴክኖሎጂው ግቢ ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ሌላው ደግሞ ተመርቆ አጋሮ ከተመደበ በኋላ። «ፈተና ደርሷል፤ የግቢ ጉባኤውን (የተማሪዎቹን መንፈሳዊ ማኅበር) ለጊዜው ልተወው?» «ጾሙን ይዤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ዓይኔ ይከደናል፤ ምን ላድርግ?» «የሌሊት ተረኛ እየሆንኩ ቅዳሴ ሳላይ ስንት እሑድ አለፈኝ።» ለየብቻ ከመመለስ አንድ ጊዜ በደንብ ጽፎ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ።

መመሪያውን ስትጨርሱ በእጃችሁ የሚኖረው አንድ ወረቀት ነው፦ የሴሚስተሩ ጾምና በዓል፣ ክፍልና ፈተና፣ ተራና አገልግሎት በአንድነት የሰፈሩበት። ከሚጠይቁኝ መካከል እምነት ወይም ትጋት የጎደለው ብዙ ሰው አላየሁም። የጎደላቸው ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ማየት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በፈተናው ዋዜማ ነው። ያን ጊዜ ጥናት ከጸሎት፣ ጸሎት ከእንቅልፍ ሰዓት መስረቅ ይጀምራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ማውጫ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሸጠው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይበቃል።
- የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ካላንደርና የክፍላችሁ መርሐ ግብር፤ ሠራተኛ ከሆናችሁ የተራ ሰሌዳችሁ።
- አንድ ትልቅ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ።
- ውዳሴ ማርያም ያለበት መዝሙረ ዳዊት፣ በላስቲክ የተሸፈነ። የጅማ ዝናብ ክረምትን ጠብቆ አይዘንብም፤ ያልተሸፈነ መጽሐፍ ከዶርም እስከ ክፍል በሚደረግ ጉዞ ብቻ ይበላሻል።
- ክዳኑ አጥብቆ የሚገጥም ምሳ ዕቃና የውኃ ኮዳ።
- በሶ ወይም ቆሎ።
- በኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር።

ከዕቃው ሌላ አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል፦ የንስሐ አባት። ከቤት ርቃችሁ ከመጣችሁና ጅማ ውስጥ ገና ካልያዛችሁ፣ ወደ ደረጃ 1 ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ከዚህ በታች «የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ» የሚል ቦታ ይደጋገማል፤ የማውቀውን ለመደበቅ ሳይሆን ለእናንተ የሚስማማውን መወሰን የእርሳቸው ሥራ ስለሆነ ነው።

1. ተንቀሳቃሾቹን ቀኖች በቀይ ጻፉ

መጀመሪያ የነነዌን ጾም ፈልጉ። ነነዌ ምንጊዜም ሰኞ ትገባለች። ከእርሷ 14 ቀን ስትጨምሩ ዐቢይ ጾም የሚገባበትን፣ 62 ሆሣዕናን፣ 67 ስቅለትን፣ 69 ትንሣኤን ታገኛላችሁ። ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው በጣት ይሠራል። በ2019 ዓ.ም. ነነዌ የካቲት 15 ናት። ስለዚህ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፣ ሆሣዕና ሚያዝያ 17፣ ስቅለት ሚያዝያ 22፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ይውላሉ።

ቀጥሎ የማይንቀሳቀሱትን ጨምሩ፦ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15፣ ገና ታኅሣሥ 29 (ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት 28)፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1። ረቡዕና ዓርብን በየሳምንቱ በትንሽ ነጥብ አመልክቱ፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ነጥቡን ተዉት።

ይህን ደረጃ «ዓምና የሠራሁት አለ» ብሎ መዝለል አይቻልም። በ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ሲሆን በ2019 ሚያዝያ 24 ነው፤ ልዩነቱ 20 ቀን ይሆናል። የሐዋርያት ጾም ደግሞ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ ሐምሌ 5 ላይ ስለሚፈታ ርዝመቱ በዚያው ልክ ይለዋወጣል። በ2018 ግንቦት 24 ገብቶ 41 ቀን ሲሆን፣ በ2019 ሰኔ 14 ገብቶ 21 ቀን ብቻ ነው። ሰኔ ላይ የመጨረሻ ፈተና ያለበት ተማሪ ይህን ከወዲሁ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

2. የትምህርቱንና የሥራውን ቀን በሰማያዊ ጨምሩ

የአጋማሽና የመጨረሻ ፈተና ሳምንታት፣ የጽሑፍ ሥራ ማስረከቢያ ቀናት፣ የቤተ ሙከራ ሰዓት፣ የሆስፒታል ተራ። የጅማ ተማሪ ከዚህ ሌላ ወደ ማኅበረሰቡ የሚወጣበት ጊዜ አለው፤ ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ አቀፍ ሥልጠና) ወይም ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና) የደረሳችሁ የመውጫና የመመለሻ ቀኑን በሁለት ሰረዝ ከልሉት። በዚያ ወቅት የግቢው ምግብ ቤትም፣ የለመዳችሁት ቤተ ክርስቲያንም፣ የጉባኤው ጓደኞችም አብረዋችሁ አይሆኑም። የምትመደቡበት ከተማ በእግር በሚደረስበት ርቀት ቤተ ክርስቲያን እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የፈተናው ቀን ገና ካልተለጠፈ በእርሳስ ገምቱ። ባዶ መተው ስህተት ነው፤ ባዶ ቦታ ያየ ሁሉ ሌላ ነገር ይሞላበታል፣ ራሳችሁንም ጨምሮ።

3. ቀይና ሰማያዊ የተጋጩበትን ቦታ ክበቡ

ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥሙት ግጭቶች ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው የአንድ ቀን ግጭት ነው። ስቅለት፣ ገናና ጥምቀት የሕዝብ በዓላት ስለሆኑ አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ትምህርትም ሥራም አለ። በዚያ ሳምንት ከፍ ያለ ፈተና ወይም የፕሮጀክት ገለጻ ከወደቀባችሁ የክፍል ተወካያችሁን ይዛችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ መምህሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለት ሳምንት የምለው መምህሩ አዳራሽና ፈታኝ አስተካክሎ መርሐ ግብሩን ለመቀየር ጊዜ ስለሚያስፈልገው ነው። በዋዜማው የሚቀርብ ልመና መልሱ የታወቀ ነው፤ እምቢ ያለውን መምህር ሃይማኖት ጠል ማድረግም ደግ አይደለም። ካልተቀየረ ፈተናውን ተፈትናችሁ ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ።

ሁለተኛው ረጅም ግጭት ነው፦ ሙሉው የፈተና ወቅት ጾም ውስጥ ሲወድቅ። ይህ በደረጃ 6 ይፈታል።

ሦስተኛው የተራ ግጭት ነው። የጤና ተማሪዎችና ነርሶች የቅዳሜ ሌሊት ተራ በወጣባችሁ ቁጥር ሳምንቱ ሲደርስ ሰው አትለምኑ። የወሩ ሰሌዳ በወጣ ዕለት ተቀያሪ ፈልጉ፣ የተስማማችሁትንም ኃላፊያችሁ ፊት አስፈርሙ። ጅማ ላይ ይህ ከሌላው ቦታ ይቀላል፤ ለእናንተ እሑድ ጠዋት የሚተካ ሙስሊም ባልደረባ አለ፣ እናንተ ደግሞ ዓርብ ቀትር ላይ ወይም በዒድ ትተኩለታላችሁ። ውለታው ሚዛኑን ይጠብቅ። ሁልጊዜ የምትቀበሉ ብቻ ከሆናችሁ በሦስተኛው ወር ተቀያሪ አታገኙም።

4. የጸሎት ሰዓታችሁን ከተያዘ ልማድ ጋር አያይዙ

ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ጀማሪ ተማሪ ሰባቱንም በመጀመሪያው ሳምንት ልያዝ ሲል በሁለተኛው ሳምንት አንዱም አይቀረውም። በሁለት ጀምሩ፦ በጠዋቱ ነግህና በመኝታው ንዋም። እነዚህ ሲጸኑ የምሽቱን ሠርክ ጨምሩ። ዳንኤል በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለ በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚጸልይ ተጽፏል (ዳን. 6፥10)፤ ሥራ የበዛበት ሰው የሚጀምርበት ጥሩ መለኪያ ነው።

ሰዓቱን ከምትጽፉ ድርጊቱን ጻፉ። «12፡00 ጸሎት» ከማለት «ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ፣ ስልኬን ከመክፈቴ በፊት» የሚለው ይጸናል። ምክንያቱም የክፍል ሰዓት ይቀያየራል፣ ፊት መታጠብ ግን በየቀኑ አለ። ስልክ የተከፈተበት ጠዋት ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አሁን የእጅ ሰዓት ይዛችሁ ጸሎታችሁን ለኩ። የዕለቱ ውዳሴ ማርያም በእናንተ አነባበብ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ከመዝሙረ ዳዊቱ ጋርስ? ብዙዎች «ጊዜ የለኝም» ሲሉ ይህን ለክተው አያውቁም፤ ሲለኩት ከፈሩት ያንሳል። የተገኘውን ደቂቃ ወረቀቱ ላይ እንደ አንድ የክፍል ሰዓት አስፍሩት።

5. የጥናት ሰዓቱን ለይታችሁ አጥሩ

ለየትምህርቱ የሳምንት ሰዓት መድቡ፤ ከባዱን ትምህርት አእምሮ ትኩስ በሚሆንበት ጊዜ አስቀምጡት። ከመጀመራችሁ በፊት አጭር ጸሎት አድርጉና በዚያ የጥናት ጊዜ የምትመልሱትን ጥያቄ በአንድ መስመር ጻፉ። «ፋርማኮሎጂ ማጥናት» ጥያቄ አይደለም። «ሁለቱ የደም ግፊት መድኃኒቶች በምን ይለያያሉ?» ጥያቄ ነው። ከተነሣችሁ በኋላ መልሱን ሳታዩ ጻፉት። መጻፍ ካልቻላችሁ ያነበባችሁት በዓይን አልፏል ማለት ነው።

በጥናት ሰዓት መዝሙር በጆሮ፣ በጸሎት ሰዓት የፈተና ጥያቄ በልብ ከያዛችሁ ሁለቱም ግማሽ ይሆናሉ። ጸሎት ላይ የጥናት ሐሳብ ከመጣ የኪስ ደብተሩ ላይ አንድ ቃል ጻፉና ተመለሱ።

ስእለትን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። «ካለፍኩ ጧፍ አስገባለሁ» ማለት የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ነው፤ ጧፉ ግን ምዕራፍ አራትን አያነብላችሁም። የተሳለ ሰው ካልተሳለው በላይ ማጥናት አለበት።

6. ጾሙን ከምግብ ቤቱና ከፈተናው ጋር አስማሙ

ብዙ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌዋለሁ።

ሀ. ቡናን ቀድማችሁ ቀንሱ። ጅማ ተቀምጦ ቡና የማይጠጣ ጥቂት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የለመደ ሰው ጾም በገባበት ሰኞ ጠዋት በድንገት ሲያቆም ራስ ምታቱ የሚመጣው ከረሃቡ ሳይሆን ከቡናው መቅረት ነው። ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት ጀምራችሁ የጠዋቱን ስኒ ወደ ማታ እየገፋችሁ፣ ብዛቱንም እየቀነሳችሁ ሂዱ። ይህን ብቻ በማድረግ «ጾም አይስማማኝም» ማለትን የተዉ አሉ።

ለ. ምሳችሁን አስቀምጡ። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ተማሪ ዋናው ችግር የግቢው ምሳ በቀትር ቀርቦ ማለቁ ነው። ጾሙ ሲገባ የምግብ ቤቱን ኃላፊ በቡድን ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ለጿሚዎች የሚቀመጥበት ወይም በምሳ ዕቃ የሚወሰድበት አሠራር ካለ ስማችሁን አስመዝግቡ። ከሌለ ተራ እየገባችሁ አንዱ የሌላውን የሚያስቀምጥበትን ስምምነት አድርጉ። ወጥ በምሳ ዕቃ ውስጥ በሙቅ ክፍል ለሰዓታት ከቆየ ይበላሻል፤ ሽታው ከተለወጠ «አይባክን» ብላችሁ አትብሉት።

ሐ. ማታውን ተጠቀሙ። ውኃ የምትጠጡት ከምትፈቱበት ሰዓት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ስለሆነ ኮዳውን አጠገባችሁ አድርጉ። ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ሥጋና እንቁላል የሚሰጡትን ገንቢ ምግብ በከፊል ይተካሉ። አቮካዶ በጅማ ገበያ እንደ ልብ ነው፤ ከዳቦ ጋር ሲበላ ሽሮ ብቻ ከመብላት የተሻለ ያቆያል። በሶ በጠርሙስ በጥብጦ መያዝ ከፈተና አዳራሽ በቀጥታ ለሚፈታ ሰው ምቹ ነው።

መ. ስትፈቱ ቀስ በሉ። ውኃ፣ ቀጥሎ ትንሽ ምግብ፣ ከዚያ ዋናውን። ባዶ ሆድ ላይ አንድ ትሪ ሙሉ የጨረሰ ሰው ማታ አያጠናም፤ ይተኛል።

ሠ. ሥራውን እንደ ጉልበቱ ደርድሩ። በጾም ቀን ከባዱን ጥናት እስከ 5 ሰዓት ጨርሱ። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ማስታወሻ መገልበጥ፣ ሥዕል ማስተካከል፣ ደብተር ማደራጀት ያሉ ቀላል ሥራዎችን አድርጉ።

ረ. ለመቁረብ ካሰባችሁ ሰዓቱን ቀድማችሁ አስሉ። ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት መጾም አለበት። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ የምትቆርቡ ከሆነ የመጨረሻው ምግብ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ቤተ ሙከራ ወይም ተራ ያለበት ሰው ይህን ካላሰላ 10 ሰዓት ላይ በልቶ ዕድሉን ያጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የስኳር ሕመም፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የሚጥል በሽታ ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤችአይቪ ወይም ሌላ በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያላችሁ፣ ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን ሳታማክሩ እስከ 9 ሰዓት አትጹሙ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት። መድኃኒት ለጾምም ለጸበልም ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ቀዶ ሕክምና ላይ የምታግዙ፣ መርፌ የምትይዙ፣ ማሽን የምታንቀሳቅሱ ወይም ተሽከርካሪ የምትነዱ ደግሞ ራሳችሁን ካዞራችሁ ወዲያው ሥራውን አቁማችሁ ተናገሩ። በጾማችሁ ሌላ ሰው መጎዳት የለበትም።

7. አንድ አገልግሎት ብቻ ያዙ

መዝሙር ክፍል፣ ትምህርት ክፍል፣ ልማት፣ የበዓል ዝግጅት፤ ጎበዝ ተማሪ ሁሉም ቦታ ይጠራል። በአንድ ሴሚስተር ከአንድ በላይ አትያዙ። የምትይዙትም ቢሆን የሳምንት ሰዓቱ ወረቀቱ ላይ ይስፈር። የፈተና ሳምንታት ላይ ማን እንደሚተካችሁ ከመጀመሪያው ስም ጻፉ። ተተኪ ሳይኖር በፈተና ሳምንት መጥፋት ጉባኤውን ይጎዳል፤ ተተኪ ሳይኖር መቆየት ደግሞ ውጤታችሁን ይጎዳል። ጉባኤውን ሙሉ በሙሉ መተው ግን አልመክርም፤ በፈተና ወቅት የሳምንቱን አንድ መርሐ ግብር ብቻ ይዛችሁ ቀሪውን ለተተኪው ስጡ። ሙሉ በሙሉ የወጣ ሰው ፈተናው ሲያልቅ ለመመለስ ይከብደዋል።

8. አብሯችሁ ከሚኖረው ሰው ጋር ተነጋገሩ

ዶርም ውስጥ ከእናንተ ጋር ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት፣ ኦርቶዶክስም ይኖራል። በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት፣ ማንቂያ ደወል የሚጮህበትን ሰዓት፣ ድምፅ ማሰማት የሚቻልበትን ሰዓት። ሌሊት የምትጸልዩ ከሆነ ደወሉን በንዝረት አድርጉ፤ መብራት ከማብራት ትንሽ ባትሪ ወይም ኮሪደሩን ተጠቀሙ። ሙስሊሙ ጓደኛችሁም ለሱሑር ሲነሣ ያንኑ ያድርግላችሁ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት፤ እንዲህ ያለው ጊዜ ሲገጥም ማን ምግብ እንደሚያስቀምጥ፣ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ አብሮ ማቀድ ሁለታችሁንም ያቀላል።

ይህ ደረጃ ከተዘለለ ጠቡ የሚነሣው በሃይማኖት ሳይሆን በመብራት ነው፤ በኋላ ግን የሃይማኖት ስም ይሰጠዋል።

9. የሙያ ደብተር ያዙ

የኪሱ ደብተር ዋና ሥራው ይህ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ቆላስይስ 3፥23ን ጻፉበት፤ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ በትጋት አድርጉት የሚለውን። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ማታ ይሁን፣ ሁለት ነገር መዝግቡ፦ በዚህ ሳምንት ሥራዬ ወይም ትምህርቴ ለማን ጠቀመ? እውነት ያስከፈለኝ ወይም የሸሸሁት የት ነው? አንድ አንድ መስመር ይበቃል። ንስሐ ስትገቡም «በሥራዬ ታማኝ አልሆንኩም» ከሚል ጥቅል ቃል ይልቅ የሆነውን ለመናገር ያግዛችኋል።

ምን ዓይነት ነገር እንደሚጻፍ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ሲቢቲፒ ወጥታችሁ ቤት ለቤት መጠይቅ ትሞላላችሁ። የተመደበላችሁ ቤት በሩ ተዘግቷል። ዝናቡ መጥቷል፣ ጫማችሁ ጭቃ ይዟል፣ የቡድኑ መሪ ማታ ቅጹን ይፈልጋል፤ ከጎረቤቱ ቤት መልስ ተነሥታችሁ ብትሞሉት ማንም አያውቅም። መደረግ ያለበት ይኸውና፦ ቅጹ ላይ «አልተገኙም» ብላችሁ ሰዓቱን ጻፉ፤ ጎረቤቱን መቼ እንደሚገኙ ጠይቁ፤ በሌላ ሰዓት ተመለሱ። በቡና ለቀማ ወራት ሰው ቀኑን ሙሉ ማሳ ስለሚውል ቀትር ላይ ደጋግሞ መሄድ ድካም ብቻ ነው፤ ማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ሞክሩ። በሁለተኛውም ካልተገኙ ለአስተባባሪያችሁ አሳውቁ። በግምት የተሞላ ቅጽ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ የቀበሌው የውኃ ወይም የክትባት ችግር ተብሎ ይቀርባል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚታቀደው ሥራ ያን ቤት ይዘለዋል። ለጓደኛ መፈረም፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ ገልብጦ ማስረከብ፣ ያልለኩትን የደም ግፊት ቁጥር መጻፍ ሁሉ በዚሁ ሥር ይገባሉ።

አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ በዚሁ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ላይ ሰላምታውን፣ ቁጥሮቹን፣ «የት ያምዎታል?» «ከመቼ ጀምሮ?» የሚሉትን ከጓደኛ ተቀብላችሁ ጻፉ። በአስተርጓሚ ብቻ የሚታከም እናት ግማሹን ሳትናገር ትመለሳለች። ባልንጀራን መውደድ ለጤና ተማሪ ከዚህ ይጀምራል።

10. ስትቀጠሩ ወረቀቱን አሻሽሉ

ከምረቃ በኋላ ሴሚስተር የለም፤ ወረቀቱን በሦስት በሦስት ወር ሥሩ። ከሚለወጡት ውስጥ እነዚህን አስቡ።

ደመወዝ በገባ ዕለት አሥራቱን መጀመሪያ ለዩ፤ ወር መጨረሻ ላይ ከተረፈው የሚወጣ አሥራት አይኖርም። አበል ስትሞሉ የሄዳችሁበትን ቀን ብቻ ሙሉ፤ ሦስት ቀን ውሎ አምስት ቀን መፈረም ልማድ በሆነበት ቡድን ውስጥ ከመጀመሪያው መስክ ጉዞ ጀምሮ መለየት ይቀላል፣ በኋላ ግን እንደ ክህደት ይታያል። የጸሎት ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ሰዓት አትውሰዱ፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ መዝሙረ ዳዊት መድገም አይሆንም፣ የምሳ ሰዓት የራሳችሁ ነው። ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ነበር የሚያስተምረው (ሐዋ. 18፥3)፤ ድንኳኑ ባይጠነክር ኖሮ ገዥ አያገኝም ነበር።

በቡና ሥራ ለተሰማራችሁ ደግሞ አንድ የጅማ ጥያቄ አለ፦ ቡና ቀማሽ በጾም ቀን ከ9 ሰዓት በፊት ቀምሶ ቢተፋ ጾም ፈታ ወይ? የምርት ወቅቱ ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም ጥያቄው በየዓመቱ ይመጣል። እኔ አልፈርድበትም፤ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ ከአሠሪያችሁም ጋር ቅምሻውን ወደ ከሰዓት በኋላ ማዞር ይቻል እንደሆነ ተነጋገሩ። ቅምሻ ላይ ቆሞ ማመንታት ለቡናውም ለጾሙም አይበጅም።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት

- ወረቀቱን አሳምሮ ሠርቶ ደብተር ውስጥ መደበቅ። አልጋ አጠገብ ወይም የቁም ሣጥን በር ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥፉት፤ በየቀኑ ካልታየ አይሠራም።
- አንድ ቀን ካመለጠ ሁሉንም መተው። ያመለጠ ጸሎት በማግስቱ እጥፍ አይደረግም፤ ከሚቀጥለው ሰዓት ይቀጠላል።
- የፈተና ዋዜማ ሌሊቱን በሙሉ በጸሎት ወይም በጥናት ማደር። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ያጠናውንም ያምታታል። ማኅሌት የምትቆሙበትን ሌሊት ከፈተና ቢያንስ ሁለት ቀን አርቁ።
- «ራእይ አይቻለሁ» ብሎ ትምህርት ማቋረጥ። ከንስሐ አባት፣ ከወላጅና ከትምህርት ክፍሉ ሳትማከሩ የመልቀቂያ ወረቀት አትሙሉ።
- እንቅልፍ ማጣትን፣ ተስፋ መቁረጥን፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብን በጸሎት ብቻ እይዛለሁ ማለት። ጸልዩ፤ በዚያው ቀንም ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ወይም ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ፣ ሰው አስከትሉ።

ወንጌላዊ ወይም ካቶሊክ የሆናችሁ አንባቢዎችም ትጠይቁኛላችሁ። ደረጃ 1 እና 6 ላይ የራሳችሁን ቤተ ክርስቲያን ቀናትና ሥርዓት ተኩ፣ «የንስሐ አባት» ባልኩበት መጋቢያችሁን ወይም ቆሞሳችሁን አስገቡ፤ ቀሪው እንዳለ ይሠራል። ሥራውን ለመጨረስ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በቂ ነው፤ የትምህርት ካላንደሩ በተለጠፈበት ሳምንት አድርጉት፣ ሲቀየርም ሰማያዊውን ብቻ ደግማችሁ ጻፉ።